ሩርን ቦይ የማሻገር ዘዴ

ምክር የሚሰጥማ በየደጁ ሞልቷል፤ የሚጠፋው የሚቀበለው ነው ይባላል። ይህን ያለ ሰው ሰቆጣ መጥቶ መሪጌታ አሥራተ ማርያምን አላየም። እሳቸው ምክር ይቀበላሉ፣ ጨምሩልኝ ይላሉ፣ ከዚያም ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይሠሩበታል። ጉዱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

የመሪጌታ ችግር ገና ነበር። በዓሉ አይደለም፣ ጨዋታው። በማኅሌት ቆመው ሲመሩ ሰው አፉን ከፍቶ ያያቸዋል፤ የገናውን ዱላ ሲይዙ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሜዳውን ከታች በኩል ክረምት የቆፈረው ቦይ ይቆርጠዋል። ሩሯን፣ ያቺን ከወይራ ሥር የተጠረበች ድቡልቡል፣ አንሥቶ ቦዩን ያሻገራት ሰው ለወገኑ አገባ ይባላል። መሪጌታ ሲመቷት ወይ መሬት ለመሬት ሄዳ ቦዩ ውስጥ ትገባለች፣ ወይ እሷ ቁጭ ብላ አፈሩ ብቻ ይሻገራል።

“ጉልበትስ አላነሰኝም፤ ዘዴዋን ብቻ ንገረኝ!” ይላሉ ላገኙት ሁሉ። አናጢው ገብረ አማኑኤል “ጎንበስ ይበሉ” አላቸው፤ ጎነበሱ። የአይሱዙ ሾፌሩ ወንዳወቅ “ኧረ ቀና ይበሉ” አላቸው፤ እንደ ጎነበሱ ቀና አሉ። ለቅሶ ቤት ሄደው ሟቹ የገና ጨዋታ አዋቂ እንደ ነበር ሲሰሙ “ምነው ሳልጠይቀው!” ብለው ከዘመድ በላይ አለቀሱ። የንስሐ አባታቸው ኃጢአታቸውን ቢጠይቋቸው “አባ፣ እርስዎስ በልጅነትዎ አልተጫወቱም?” አሏቸው አሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ለጾሙ በተገዛው ድንች ይለማመዳሉ። ባለቤታቸው እታገኝ አንድ እንስራ፣ አንድ የመስኮት መስተዋትና የአንዲት ዶሮዋን ጤና በዚሁ አጥታለች።

በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ለበዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ነገሩ ከረረ። የወገናቸው አለቃ ምሳው በሰው ፊት፣ “መሪጌታ፣ ዘንድሮም ቦዩ ውስጥ ከከተቷት ለከርሞ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠው ያያሉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!” አላቸው። መሪጌታ ሳቁ። ቤታቸው ሲገቡ ግን የቀረበላቸውን ገበታ ገፉት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ገና ከሜዳው ቀርተው አያውቁም። እታገኝ አዘነችላቸው። ተናደደችም። አገር ምድሩን ሲጠይቁ እሷን አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቆማ ታያቸው ነበር። መቋሚያቸውን ይዘው ያሸበሽባሉ። የፊት እግራቸው ተተክሏል፣ ራሳቸው አይነቃነቅም፣ ክንዳቸው ሳይጣደፍ ወዲህና ወዲያ ይላል። “ወይ ጉዴ!” አለች ለራሷ። ያ ሁሉ መካሪ ያጣው ነገር እዚህ በየበዓሉ ይታያል።

ቤት ሲገቡ አላስችላት አለ።

“አንቱ ሰውዬ፣ ሩሯን እንዲያ የሚቀጠቅጧት እባብ መስላዎት ነው?”

“እንግዲህ ምን ላድርግ?”

“አይምቷት። ያሸብሽቡባት። የፊት እግርዎን ይርገጡ፣ ክንድዎን እንደ መቋሚያው ቀስ አድርገው ይላኩት። የት ደረሰች ብለው ቀና አይበሉ። በቃ።”

“ይቺው ናት?”

“ይቺው ናት።”

መሪጌታ ቅር አላቸው። ዘዴ ሲባል ቢያንስ ሰባት ክፍል ይኖረዋል ብለው ነበር።

የገና ዕለት ሩሯ ተንከባልላ ከቦዩ አፋፍ፣ እግራቸው ሥር ቆመች። ሜዳው በምክር ተናጋ፦ “ጎንበስ!” “ቀና!” “በኃይል!” መሪጌታ ማንንም አልሰሙ። ከንፈራቸው ዜማ ሲል እታገኝ ከዳር ሆና አየች። ዱላው ቀስ ብሎ ሄደ፣ ቀስ ብሎ መጣ። ሩሯ ተነሣች። እንደ ቆቅ አልበረረችም፣ እንደ ወፈረች ዶሮ ነው የተነሣችው፤ ቢሆንም ቦዩን ተሻገረች!

ምሳው አቅፎ ከመሬት አነሣቸው። “ለከርሞም የእኛ ነዎት! ማን ነው ያስተማረዎ?”

ስንቱ መካሪ ጆሮውን አቁሞ ስሙን ሲጠብቅ፣ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “እታገኝ ናት” አሉ። “ሃያ ዓመት ቤቴ ተቀምጣ እኔ ሞኙ ደጅ ለደጅ ስዞር!”

ወንዶቹ አውካኩ። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ደስታዋን ግን የት ትደብቀው?

ጨዋታው ቀጠለ። ሩሯ ዞራ እሳቸው ጋ ስትደርስ፣ መካሪው ሁሉ አፉን ሳይከፍት፣ ከሴቶቹ መሃል አንድ ድምፅ ሜዳውን ሰነጠቀው፦

“አንቱ! እግርዎን! እግርዎን አልኩ እኮ፣ ምን ዓይነት ሰው ነዎት!”