ከገበያው ጋር የተጣጣመችው አስተናጋጅ

ከፍተኛ ትምህርትን ከሥራ ገበያው ጋር የማጣጣሙን ከባድ አደራ የተሸከመው የዩኒቨርሲቲው ዐቢይ ኮሚቴ፣ አዳማ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለመታከት ሲሰበሰብ ቆይቷል። የከተማው ሙቀት ሳይበግረው፣ የሻይ ዕረፍቱንም አንድ ቀን ሳያዛንፍ ለሥራ አጡ ወጣት ደክሟል። እግዜር ይስጠው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ቶኩማ የሚባል ጀማሪ ባለሙያ እጁን አወጣ።

«ለምን ሞጆ ሄደን፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ያሉትን የጭነት ድርጅቶች ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልጉ አንጠይቃቸውም? ቅርብ ነው እኮ።»

ሰብሳቢው ዶክተር መርዳሳ በአዘኔታ አዩት። «አቶ ቶኩማ፣ የእኛ ጥናት ሳይንሳዊ ነው። ሄዶ መጠየቅማ ማንም ያደርገዋል።»

ምሳ ሰዓትም እየደረሰ ስለነበር መረጃው ከቅርብ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። ከሁሉም ቅርብ የተገኘችው ውሃ የምታድለው ሱሃይላ ነበረች።

«ልጄ፣ ተምረሻል?» አሏት ሰብሳቢው።

«አዎ ዶክተር። እናንተው ጋ ነው የተመረቅኩት፣ በሎጂስቲክስ።»

«ታዲያ በዚህ ከተማ ተመራቂ የሚቀጥረው ማን ነው?»

«እኔ እስካሁን ያየሁት እናንተን ነው። ስብሰባ ሲኖር እጠራለሁ፤ ከሌለ ቤቴ ቁጭ ነው። እኔንም ታናሽ እህቴንም የሚያኖረን ይሄው ሥራ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሁለት ዓመት ተሰውሮ የኖረው የገበያ ፍላጎት ተገኘ፤ ገበያው የሚፈልገው የስብሰባ አስተናጋጅ ነው! ወር ሳይሞላ የስብሰባ መስተንግዶ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ተከፈተ። ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ «ውሃ አቀዳድ አንድ»ን ያላለፈ «ውሃ አቀዳድ ሁለት»ን መውሰድ አይችልም። የሎጂስቲክስ ትምህርት ክፍል ታጠፈ። በዘርፉ ዲግሪ የሌለው ሰው ከእንግዲህ አዳራሽ ውስጥ እንዳያስተናግድ የሚያሳስብ ደብዳቤም ለሆቴሎች ተበተነ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ዛኪር ደብዳቤውን ለሱሃይላ ሲያሳያት ዓይኗን ማየት አቃተው።

«ሱሁ፣ ወላሂ ካንቺ የተሻለ ሠራተኛ የለኝም። ግን ማህተም አለው፤ ምን ላድርግ?»

ሱሃይላ በንዴት ቀጥታ አዳራሹ ገባች። ኮሚቴው ድሉን ሊያበስር ተሰብስቧል።

«ዶክተር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተናገድኳችሁ እኔ ነኝ። እንጀራዬን ለምን ትነጥቁኛላችሁ?»

«ልጄ፣ በዘርፉ ዲግሪ የለሽማ!»

«የሎጂስቲክስ ዲግሪ አለኝ!»

«እሱ ከገበያው ጋር እንደማይጣጣም ያረጋገጥነው በአንቺው ምስክርነት ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ደግሞ ምን ያስጨንቅሻል? ለአዲሱ ፕሮግራም ተመዝገቢ። አራት ዓመት ምን አላት?»

ሱሃይላ ባዶ ወንበር ስባ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ተቀመጠች። ዶክተር መርዳሳም ስለ ታሪካዊው ስኬት ረጅም ንግግር ጀመሩ። ሙቀቱ ከባድ ነበርና ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ጉሮሯቸው ደርቆ ሳል ያዛቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድም ጠርሙስ የለም።

«ውሃ!» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ሱሃይላ እየጠቆሙ።

ሱሃይላ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«ባለሙያዎቹ የዛሬ አራት ዓመት ይመረቃሉ፤ እስከዚያ ይታገሡ ዶክተር።»