ሕንድ ውቅያኖስን በገዛ አፌ የመለስኩበት ምሳ

ዛሬ ምሳ ላይ አንዲት ሴትዮ ውቅያኖስ ጋበዘችኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኳት።

እስቲ አትሳቁ፤ ገና አልጀመርኩም!

ለማታውቁኝ፣ ዕድሜዬ ከሃምሳ ዘለል ብሏል። ጁባ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ተቀምጬ የሌሎችን ሪፖርት አርማለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ከአውሮፕላን መስኮት ያየሁት አይቆጠርም፤ እሱ ምንጣፍ ነው።

ስለ ባሕር ያላነበብኩት ግን የለም። የሸራ ዓይነት በስም እለያለሁ። እናንተ ኳስ ስታዩ እኔ በባለ ሸራ ጀልባ ዓለም የሚዞሩ ጡረተኞች የሚጽፉትን ብሎግ አነባለሁ። በኔ ዕድሜ ሰው የቤት መሥሪያ ቦታ ይመኛል። እኔ መልሕቅ እመኛለሁ።

ጁባ ደግሞ ለዚህ ሕመም መጥፎ ከተማ ናት። ወንዝ አላት! ከሥራ ስወጣ ነጭ ዓባይ ዳር ቆሜ የእምቦጭ ደሴቶች ተንሳፍፈው ወደ ሰሜን ሲያልፉ አያለሁ። አረም እንኳ ይጓዛል። እኔ ወደ አማራት ሰፈር፣ ወደ ኪራይ ቤቴ እመለሳለሁ።

እሺ፣ ወደ ውርደቱ።

የሥራ ባልደረባዬ የሊዛ ወላጆች ልጃቸውን ሊጠይቁ ጁባ መጥተዋል። እናትየዋ ኢንግሪድ፣ አባትየው ፖል ይባላሉ። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው ባለ ሸራ ጀልባ ገዙ፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ከአገር አገር ይዞራሉ። ጀልባዋ አሁን ሞምባሳ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

ሊዛ እኔንና ቾልን ከወላጆቿ ጋር ምሳ ጋበዘችን። ቾል የቢሯችን የሎጂስቲክስ ሰው ነው። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ግን ጋምቤላ ተወልዶ አዲስ አበባ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ጋሼ ይለኛል፣ አንቱ ይለኛል፣ እየተጠነቀቀ ይሰድበኛል።

ወንዙ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የተጠበሰ ዓሣ መጣ። ኢንግሪድ ስለ ምፅዋ ማውራት ጀመረች።

ምፅዋ!

እኔ በመጽሐፍ ብቻ የማውቃት ከተማ ላይ ይህች ሴትዮ መልሕቅ ጥላ ሰንብታለች። ከባሕር ድንጋይ ስለተሠሩት ቤቶች፣ ሙቀቱን ሸሽተው አልጋቸውን ደጅ ስለሚያወጡት ሰዎች ነገረችን። እኔን የገደለኝ ግን ጎህ ሲቀድ ያየችው ነው።

«ከጀልባው ወደ ምዕራብ ስታይ ተራራው እንደ ሰማያዊ ግድግዳ ይቆማል» አለች። «ከዚያ ማዶ ማን ይኖር ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።»

እኔ ነኛ! ከዚያ ግድግዳ ጀርባ፣ ብዙ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሰው ያንኑ ጥያቄ ከወዲህ በኩል ይጠይቅ ነበር።

የዓሣ አጥንት ነው ብዬ አሳልኩ።

«አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን» አለች ቀጥላ። «ቤታቸው ሲጋብዙን፣ ጠገብን ስንል አያምኑም። ሳህኑ ይሞላል። በቃን ስንል እንደገና ይሞላል። ፖል ከዚያ ወደብ የወጣው ሆዱን ይዞ ነው። እኛ ጋ ሰውን ማክበር ማለት ቃሉን በመጀመሪያው ማመን ነው። አይ ካለ፣ አይ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት?

ግን እኔ ነኝ! በዚሁ በምጽፍላችሁ ገጽ ላይ ይሉኝታን ስንት ጊዜ ረግሜ የለ? ሹካዬን አስቀምጬ ንግግር አደረግኩ። ይሉኝታ የሕዝባችን ደዌ መሆኑን አስረዳሁ። ልመና የሚጠብቅ እምቢታ ያጌጠ ውሸት መሆኑን አብራራሁ። ኢንግሪድ በአድናቆት አየችኝ።

ቾል ከዓሣው ቀና ብሎ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ተነሥቶብዎታል» አለኝ።

ሳህኖቹ ሲነሡ ኢንግሪድ ወደ እኔ ዞረች።

«ከሞምባሳ ወደ ዛንዚባር፣ ከዚያም ወደ ኮሞሮስ ልንሄድ ነው። የፖል ጉልበት ስለታመመ፣ በተራ መሪውን የሚይዝልን ሦስተኛ ሰው እንፈልጋለን። ማስተማሩ በኛ ነው፤ መኝታ አለ። ባሕር ወዳድ እንደሆንክ ሊዛ ነግራኛለች። ትመጣለህ?»

ወገኖቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነው!

አፌ ተከፈተ። የወጣው ግን እኔ አልነበርኩም፤ አስተዳደጌ ነበር።

«ኖ፣ ኖ! እግዜር ይስጥልኝ። ላስቸግራችሁ አልፈልግም።»

ያው እንደምታውቁት ይህ በኛ ቋንቋ «አዎ» ማለት ነው። በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። አንዴ እምቢ ትላላችሁ፣ ይለምኗችኋል። እንደገና እምቢ ትላላችሁ፣ «በሞቴ!» ይሏችኋል። ከዚያ የተሸነፋችሁ መስላችሁ ትነሣላችሁ።

ስለዚህ ጠበቅኩ።

ኢንግሪድ ፈገግ አለች። «ቀጥተኛ ስለሆንክ አመሰግናለሁ» አለች።

ኻላስ! ጁባዎች ነገር ሲያልቅ እንደሚሉት።

ሊዛን አየኋት፤ ስልኳ ላይ ነች። ፖልን አየሁት፤ ጉልበቱን ያሻል።

«መቼም ባሕር ደስ ይላል» አልኩ ለማንም። «ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድም አለኝ።»

«በጣም ጥሩ፤ ቤትህ ዕረፍበት» አለኝ ፖል።

ከዚያ ኢንግሪድ፣ «አንተስ ቾል?»

«የስ!» ጥያቄው ገና አላለቀም ነበር።

በአማርኛ ጮህኩበት። «አንተ! አስተዳደግ የለህም? ለወጉ እንኳ አንዴ እምቢ አይባልም?»

«ጋሼ፣ ፈረንጅ ሁለቴ አይለምንም። እኔ የእናንተን ይሉኝታ ድንበሩ ላይ አራግፌ ነው የገባሁት። ደግሞስ አሁን ደዌ ነው አላሉም? ድኜልዎታለሁ!»

«ምን ይላል?» አለች ኢንግሪድ።

«ደስ ብሎታል ነው የሚለው» አልኩ። ተርጓሚም ሆንኩላቸው!

መኪናቸው ድረስ ሸኘኋቸው። የመጨረሻ ዕድሌ ስለሆነ በሩን ይዤ አልለቅም አልኩ። «ኢንግሪድ፣ ምናልባት...» ስል እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አትጨነቅ፣ ምንም አልተቀየምኩም» አለችኝ። «ያንተን ያህል የልቡን የሚናገር ሰው በዚህ ሁሉ ጉዞ አላገኘሁም።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? እስቲ ንገሩኝ!

መኪናው ሄደ። እኔና ቾል ወንዙ ዳር ቀረን። ቾል ቀረብ አለኝ።

«ጋሼ፣ ቦታውን ልልቀቅልዎት? እርስዎ ይሂዱ።»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። አፌ ነው፤ አሁንም አላማከረኝም።

ግን ይህ ልጅ እኛ ጋ ነው ያደገው። ሁለተኛውን ያውቀዋል። ጠበቅኩ።

«የምሬን ነው ጋሼ። በሞቴ! አሁኑኑ ለሊዛ እደውላለሁ።»

መጣ! ልቤ ዘለለ። ሞምባሳ ደረስኩ፣ መልሕቅ ሳብኩ፣ ዛንዚባር ታየችኝ።

«አይሆንም» አልኩ ድምፄን ለስለስ አድርጌ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሚተው ሰው።

ቾል ስልኩን አወጣ። ዓይኑ ግን ወንዙ ላይ ነው። ሌላው እጁ የሸሚዙን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። እኔም እንግዳን «እደሩ እንጂ» እያልኩ፣ ይሄዱልኝ ዘንድ በልቤ ስጸልይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

«ባሕር አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«የት አባቴ አይቼ! የጋምቤላ ካምፕ፣ አዲስ አበባ፣ ጁባ። ያየሁት ትልቁ ውኃ ይሄው ነው።»

ሦስተኛውንም ለመነኝ። «አፈር ስሆን ጋሼ፣ እሺ ይበሉኝ» አለ። ድምፁ ቀጠነ።

እሺ የሚባለው እዚህ ላይ ነበር። ወጉ ነው! ማንም አይፈርድብኝም ነበር።

«ሂድ» አልኩት። «ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ የሸራው አግዳሚ እንጨት በድንገት ይዞራል፤ ጎንበስ በል።»

አንገቴን አቅፎ ሳመኝና ቦዳ የሚሉትን የሚያልፍ የኪራይ ሞተር አስቁሞ ከነፈ።

አራተኛ አልጠየቀኝም!

አሁን ቤቴ ተቀምጬ ኮሞሮስን የስልኬ ካርታ ላይ ከፍቻታለሁ። በጣቴ ባሰፋት ባሰፋት ውኃው አይሰማም። የመጨረሻዋ እምቢታ ከልቤ ነበረች እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግማሹን አምኛለሁ።

ግን እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ እናንተ ሰፈር አራት ጊዜ አይለመንም እንዴ?