ሕፃኑን ማን ይሳመው?

[ደብረ ታቦር፤ በደርግ ዘመን፤ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ። ነገ የጌጡ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ክርስትና ይነሣል፤ የክርስትና አባቱ ሙላቴ ነው። ሙላቴ ከንፈሩ ቆስሎ ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ሲወጣ፣ ጌጡ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይጠብቀዋል።]

ጌጡ፦ ከንፈርህን ታመህ ጥርስ ሐኪም ዘንድ! ጣራህ ሲያፈስ ጉድጓድ ቆፋሪ ትጠራለህን?

ሙላቴ፦ ድዴም ቆስሏል፣ ጋሼ። አፍ ሁሉ የእኔ ሥራ ነው አሉ።

ጌጡ፦ ምች ነው! ትኩስ ድንች በልተህ ፀሐይ ላይ ወጣህ፤ መታችህ። አለቀ!

ሙላቴ፦ ሐኪሙስ ቫይረስ ነው አሉ። በዓይን የማይታይ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር።

ጌጡ፦ [ግራ ቀኙን እያየ] ቀስ በል! የማይታይ ጠላት ገባ ስትል ቀበሌው ሰምቶ ለጥበቃ እንዳያስወጣን!

ሙላቴ፦ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ሲተኛ፣ ሲነቃ ይኖራል አሉ። እንደ ሊቀ መንበራችን።

ጌጡ፦ ዝም በል አልሁህ! ይልቅ ያን ቀይና ቢጫ ክኒን ሰጡህ? እሱ የማይጥለው በሽታ የለም።

ሙላቴ፦ ለቫይረስ አይሆንም አሉ። የሚሆነው መድኃኒት በውጭ አገር ወጥቷል፤ እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም። እስኪደርቅ አትነካካው፣ ዋንጫ አትጋራ፣ ሕፃን ከቶ አትሳም አሉ። የጨቅላን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

ጌጡ፦ ከቶ? አያት እንኳ?

ሙላቴ፦ ስለ አያት አልጠየቅሁም። ልመለስ?

ጌጡ፦ ተው! ምች አይጋባም። ነገ አንተም ትስመዋለህ፣ እኔም እስመዋለሁ። ይህን ልጅ ስንት ዘመን ጠበቅሁት!

ሙላቴ፦ ሐኪሙ ግን ከማን ጋር ዋንጫ ተጋራህ ብለው ጠየቁኝ።

ጌጡ፦ ምን አልህ?

ሙላቴ፦ በማኅበሩ ዕለት ከጋሼ ጌጡ ጋር፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ጋቢያቸውን ለምሳ እንኳ አያወርዱም አልኋቸው።

ጌጡ፦ የጉና ተራራ ብርድ ነው!

ሙላቴ፦ ላብዎ እየተንጠባጠበ?

[ጌጡ ላቡን ሊጠርግ ሲል ጋቢው ይንሸራተታል፤ ከከንፈሩ ዳር ያለው ቁስል ይገለጣል። ሙላቴ እንዳላየ ሰው ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል።]

ጌጡ፦ [ድምፁ ሰልሎ] ሙላቴ፣ ወንድሜ፣ ለልጄ ለውብአለም አትንገራት። ሕፃኑን አታስነካኝም።

ሙላቴ፦ እሷ አይደለችም እንዴ የላከችኝ! «አባቴ ታመሃል ቢሉት ሐኪም ቤት አይሄድም፤ አንተ ሄድሁ ብትለው ግን ሊያስተምርህ ተከትሎህ ይመጣል» አለችኝ።

[ሙላቴ የክፍሉን በር ይከፍትለታል።]

ሙላቴ፦ ይግቡ፣ ጋሼ። ቁስሉ ሲድን ከሁሉ ቀድመው የሚስሙት እርስዎ ነዎት፤ ውብአለም ምላለች።

ጌጡ፦ ለከንፈር... ጥርስ ሐኪም ዘንድ?

ሙላቴ፦ ምን ይደረግ? ጣራዎ አፍስሷል፤ ጉድጓድ ቆፋሪው ደግሞ ከነመሰላሉ ውስጥ እየጠበቁዎት ነው።