ለሁለት ሰው የታሰበው ትሬለር

እኛ ሰዎች ለሁለት ሰው የሚሆን ነገር መሥራት አንችልም። አትቆጡ፤ ልብ ብላችሁ እዩ። ለባልና ሚስት ተብሎ የተጣደ ወጥ መንደር ያበላል። ለብቻችሁ የተከራያችሁት ክፍል ጥግ ላይ የሰው ሻንጣ ይቀመጣል። የማን እንደሆነ እንኳ በደንብ አታውቁም፤ ብቻ "የእገሌ ልጅ ነው፣ ሥራ እስኪያገኝ" ተብላችኋል። እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ለሁለት ሰው የሚሆን ቤት ልሠራ የተነሣሁት። ያውም ባለ ጎማ!

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ በዘሃራ ነው። ዘሃራ ነርስ ናት። ኦክላንድ ያለው ቤታችን ደግሞ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ዲቪ ደርሶት የመጣ ሁሉ ከኤርፖርት ቀጥታ ወደ እኛ ሶፋ ነው። ሆስፒታል በሽተኛ ስታስተናግድ ትውልና ስትመለስ ሳሎን ውስጥ ጤነኞች ይጠብቋታል። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ በራችን ላይ ሞተር አጥፍታ፣ መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ምን ሆንሽ ብላት "ምንም፣ ትንሽ ዝም ልበል ብዬ ነው" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ብዙም ሳይቆይ ዩኒየን ሲቲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ትሬለር ሲሸጡ አየሁ። ትሬለር ስላችሁ የጭነት መኪና ተሳቢ እንዳይመስላችሁ። መኪና የሚጎትተው ትንሽ ቤት ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር አብሮት ይሄዳል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ሲረግጡት ይሰምጣል፣ ግድግዳው ውስጥ አይጦች ወልደው ከብደዋል። ዘሃራ ግን ገብታ ከኋላ ያለችው አልጋ ላይ ተቀመጠች፣ በትንሿ መስኮት ወደ ውጭ አየችና ፈገግ አለች። ገዛነው።

"ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ አልጋ" አለችኝ ቤት ስንደርስ። "ሦስተኛ ሰው የሚቀመጥበት ነገር እንዳላይ።"

የሳምንት ፈቃድ ለምና አገኘች፤ ባሕሩ ዳር የካምፕ ቦታ ያዘች። ዓርብ እንድንሄድ ተስማማን። እኔም አደራ፣ ሳልጨርስ እንዳታዪው፣ ሰርፕራይዝ ነው አልኳት። አይ የኔ ነገር!

ሥራውን ከጓደኛዬ ከጀማል ጋር ጀመርን። ጀማል በፒክአፑ ሚልፒታስ ከተማ ዕቃ ያመላልሳል፤ ካቻቪቴ ሲይዝም ያምርበታል። የበሰበሰውን ወለል አንስተን በኮምፔንሳቶ ተካነው። መደርደሪያም በውሃ ልክ ለክተን፣ ቅንጣት ሳይዛነፍ ሰቀልን። ለካስ የቤታችን ደጅ ቁልቁለት ነው፤ ትሬለሩ ራሱ አዘንብሎ ነው የቆመው። ጎማው ሥር እንጨት ሸጉጠን ስናቃናው መደርደሪያው ለሰላምታ ጎንበስ አለ። ነቅለን እንደገና ሰቀልነው።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ጉዱ የመጣው ለሻይ ስንቀመጥ ነው። ጀማል የሚቀመጥበት አጣ። አልጋዋ ላይ እንዳይቀመጥ የዘሃራ ናት፤ ስለዚህ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። እሱ ምንም አልመሰለውም፤ እኔ ግን ሻዬን ቁጭ አደረግሁ። ሲደክምልኝ የዋለ ሰው ባልዲ ላይ! አገር ቤት ደሴ ቢሰማ ምን ይባላል? በማግስቱ አንዲት አጭር አግዳሚ ወንበር ሠራሁ። ረዳት ደግሞ ሦስተኛ ሰው አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ መጡ። ጋሽ እንድሪስ የዘሃራ አጎት ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ሁለት ቤት አልፈው ይኖራሉ። የሚሠራ ነገር ካዩ ሳይመርቁና ሳያርሙ አይሄዱም። ገቡና ዙሪያውን ቃኝተው፣ አግዳሚዋን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሯት።

"ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሰው ሲመጣ ግን የት ነው የምታስቀምጠው?"

"ጋሼ፣ ሰው አይመጣም። ለእኔና ለዘሃራ ነው።"

"እሱማ ገባኝ። ሰው ሲመጣስ?"

ለዚህ መልስ ያላችሁ ላኩልኝ። ፊት ለፊት ሌላ አግዳሚ ሠራሁ። ሁለት አግዳሚ ካለ ማዕዘኑ ለምን ባዶ ይቀራል? ማዕዘኑም ተሞላ። እንጨት ላይ ሰው አይቀመጥምና ፍራሽና መከዳ ተጨመረ፤ ፍራሹ ምንጣፍ ፈለገ። ምንጣፍ ላይ በጫማ አይገባም፤ ጫማ ማስቀመጫ ፈለግን። ከሽንት ቤቱ የተሻለ ቦታ አላገኘንም፤ መቀመጫውን ነቅለን መደርደሪያ ገጠምንበት። ምድጃው የሰው ጉልበት ነካ፤ ወጣ። እንዲህ እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ስንዞር የቀረችው አልጋዋ ነበረች፤ ዙሪያውን እንደ መጅሊስ የሠራነውን መቀመጫ እዚያ ላይ ትቆርጠዋለች። ጋሽ እንድሪስ እኔን አዩኝ። እኔ ጀማልን አየሁት። ጀማል ካቻቪቴውን አየ...

የአልጋውን ጣውላ ተሸክመን ስንወጣ ልጄ ሃናን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሃናን አማርኛ አንድም ሳያመልጣት ትሰማና በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

"ዳድ፣ ዌር ዱ ዩ ስሊፕ?" አለችኝ፤ የት ልትተኙ ነው ማለቷ ነው።

ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

ሐሙስ ዘሃራ ከሥራ ስትመለስ ዓይኗን በእጄ ሸፍኜ ወሰድኳት። ጫማሽን አውልቂ ስላት ገና ጠረጠረች። ዓይኗን ለቀቅኩላት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምራል! ቀይ ፍራሽ ዙሪያውን፣ ወርቃማ ክር ያለው መከዳ፣ ከላይ ነጭ ቀለም። ዘሃራ ከጥግ እስከ ጥግ አየችው።

"አልጋው የታለ?"

"ጋራዥ ውስጥ።"

"ስንት ሰው ያስቀምጣል?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የእጄ ሥራ ኩራት ቀደመኝና "አሥራ አንድ። ጠጋ ጠጋ ካሉ አሥራ ሦስት" አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። ጫማዋን ከሽንት ቤቱ አንስታ አደረገች፣ ወደ መኪናዋ ሄደች፣ ገብታ በሩን ዘጋች። ሞተር አላስነሣችም። ያኔ የምር አፈርኩ። አንዲት ሴት ትንሽ ዝም ልበል አለች፤ እኔ ዝም የምትልበትን ነቅዬ ለአሥራ ሦስት ሰው ወሬ ቦታ አዘጋጀሁ።

ይቅርታ ልጠይቃት ወደ መኪናዋ ስራመድ ጋሽ እንድሪስ ከተፍ አሉ።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?" አሉኝ።

"የምንነሣው?"

"ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ነግሬያለሁ። ከጁምዓ በኋላ ቢሆን ለሁሉም ይመቻል።"

ሕግ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ በጉዞ ላይ ትሬለር ውስጥ ሰው መቀመጥ ክልክል ነው አልኳቸው። ይህም አላስጨነቃቸውም። እነሱ በየመኪናቸው ይከተላሉ፤ የሚቀመጡት ሲደርሱ ነው።

ለካ ዘሃራ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ስታዳምጥ ኖሯል። ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ወረደች። ፊቷ ላይ ትሬለሩን የገዛን ቀን ያየሁት ፈገግታ ነበር።

"ጋሼ፣ ቦታውን ሪዘርቭ አድርጌዋለሁ፤ ሙሉ ሳምንት ነው" አለች። "እኛ አልተመቸንም። እርስዎ ይዘዋቸው ይሂዱ።"

ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። በማግስቱ ጀማል በፒክአፑ እየጎተተ፣ ሌሎቹ ከኋላ ተከታትለው፣ ሶፋችን ላይ የከረመው እንግዳ ሳይቀር ሁሉም ሄዱ። ሃናንም አልባኒ ከተማ ያለች ጓደኛዋ ጋ ለማደር ወጣች። በሩን ዘጋን... ፍሪጃችን ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ዘሃራ ለትሬለሩ የገዛቻቸውን ሁለት ሳህንና ሁለት ብርጭቆ አወጣች። እጄ ለምዶበት ሦስተኛ ብርጭቆ አነሣሁ። አየችኝ፤ መለስኩት። በልተን ስናበቃ እዚያ ስንት ሰው ያረፈበት ሶፋ ላይ እግሯን ዘርግታ ተኛች። ሳያት ደስ አለኝ። ሳላስበው ሰርፕራይዙ ተሳካልኝ ማለት ነው ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመኪና ጥሩንባ ሰማን።

ጋሽ እንድሪስ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ገቡ፤ ሌሎቹም ተከትለው። አግዳሚዎቹ ለመቀመጥ እንጂ ለመተኛት ጠባብ ናቸው፤ ሰዎቹ ሁሉ ቁጭ ብለው ነበር ያደሩት። የካምፑ ሽንት ቤት ሩቅ ነው፤ በትሬለሩ ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ ያለው የራሳቸው ጫማ ነው። ጋሽ እንድሪስ ልጄ የጠየቀችኝን ጥያቄ ይዘውልኝ መጡ።

"ለመሆኑ" አሉኝ ቅር ብሏቸው፣ "ምን ዓይነት ሰው ነው አልጋ የሌለው ቤት የሚሠራ?"

ሳሎኑ እንደ ድሮው ጢም አለ። ወደ ኩሽና ሸሸሁ። ዘሃራ ተከትላኝ ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው።

"ካቻቪቴህ የታለ?" አለችኝ በለሆሳስ። "አልጋዋን መልሳት። ሽንት ቤቱንም ግጠም። አግዳሚዎቹንም አስፋቸው።"

ልቤ ዘለለ። ሳምንቱ ገና አላለቀም፤ ማታውኑ ጨርሼ ነገ ብቻችንን እንሄዳለን አልኳት።

"ለእኛ ነው ማን አለህ?" አለች። "ለእነሱ ነው። ካልተመቻቸው ቶሎ ይመለሱብናል።"