እትዬ ያዝልኝ እና የባሕር ማዶ እንግዶች

ሰው በሚኖርበት ሕንጻ ሁሉ አንዲት አዛዥ አለች። የለችም የሚባልበት ሕንጻ ካለ ወይ ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ወይ ሰዉ ተሸሽጎ ነው የሚኖረው። የእኛዋ አዛዥ ልብስ ሰፊ ናቸው። ምድር ቤት፣ ደረጃው የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ በራቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ከፍተው ይሰፋሉ። የሚገባም የሚወጣም በእሳቸው ደጃፍ ሳያልፍ አይሆንለትም። ቦታውን አስበውበት ነው የያዙት እላለሁ እኔ። ባለቤቴ ግን ሕንጻው ነው እሳቸው የተቀመጡበት ላይ የተሠራው ትላለች።

ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ይኖራል። እኛ የምናውቃቸው ክብርት እትዬ ያዝልኝ ብለን ነው። "እጅህ ባዶ ነው አይደል?" ይላሉ፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ። ባዶ ነው ካልክ አለቀልህ። አይደለም ካልክም "እሱን እዚያ አስቀምጥና ይህን ያዝልኝ" ነው መልሱ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ መጋረጃ ሰቅሎላቸው ሄዷል፤ ቆጣሪው በዚያ ወር አልተነበበም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የልብ ሐኪም፣ ከተማው በስንት ደጅ ጥናት የሚያገኘው ሰው፣ ክር ሲያጠነጥን በዓይኔ አይቻለሁ። "ቀስ በል፣ ትበጥሰዋለህ" ይሉታል። አንዴ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ቤቱን ሳያይ ሽንኩርት ልጦ ተመለሰ። በማግስቱ ዕቃውን ጭኖ ገባ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም።

ታዲያ መንግሥት ለወጣቶች ልውውጥ ድጎማ እሰጣለሁ አለ። መጀመሪያ ከባሕር ማዶ ስምንት ወጣቶች መጥተው በየቤታችን ይሰነብታሉ። ቀጥሎ የእኛ ስምንት ወደ እነሱ ይሄዳሉ። በመሃል ግን ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ አያያዛችን ካላማረው የእኛ ልጆች የጉዞ ገንዘብ አይለቀቅም። ከስምንቱ አንዷ የእኔ ልጅ ናት። ሻንጣዋን ገና በጠዋቱ አዘጋጅታ አልጋዋ ራስጌ አቁማው ነበር። ስትነሳም ስትተኛም እሱን ነበር የምታየው።

የወጣት ማዕከሉ አስተባባሪ ሰብስቦን አስጠነቀቀን። "እንግዶቹ እንዳይደክሙ፣ እንዳይከፉ፣ ምንም ነገር እንዳይነኩ" አለ። ወዲያው አንድ ቤተሰብ ቀረሁ ስላለ አንዲት እንግዳ ያለ ቤት ቀረች። ማን ይውሰዳት ሲባል ከወደ ኋላ አንድ እጅ ተነሳ፤ ጣቱ ላይ የስፌት ቆብ ያጠለቀ እጅ።

"ለእኔ ስጡኝ" አሉ እትዬ ያዝልኝ።

አስተባባሪው ሌላ እጅ ፍለጋ ዓይኑን አንከራተተ። ማንም የለም። "እትዬ፣ እንግዳ መሆኗን አይርሱ እንግዲህ" አለ በመጨረሻ።

"እንግዳ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ልጄ ናት" አሉት። ሦስቱን ቀን እንኳ አልጠበቁም።

ለእኛ የደረሰን አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። እንደ እንቁላል ያዝነው። ሶፋው ላይ አስቀመጥነው፣ ከቡፌው ውስጥ ተነክተው የማያውቁትን ብርጭቆዎች አወጣንለት፣ ተራ ገብተንም ፈገግ አልንለት። ሳህን ሊያነሳ ብድግ ሲል ባለቤቴ ትነጥቀዋለች። ልጁ እያመሰገነ፣ እያመሰገነ ከሳ። አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ምን እንደጎደለበት ግራ ገባን፤ ሌላ ትራስ ጨመርንለት።

ምድር ቤት እትዬ ያዝልኝ ዘንድ ያለችውን መለሎ ልጅ ግን በመጣች በማግስቱ መጥረጊያ ይዛ ደጅ ላይ አየኋት። በሚቀጥለው ቀን ዘንቢል ይዛ ከሱቅ ስትመጣ፣ እትዬ ያዝልኝ በመስኮት "ሳሙናውስ? ተመለሺ" ይሏታል። ቋንቋው አይገባትም ስንላቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ መድኃኒቱ ይኸው ነው ብለው ነው። የሚገርመው እውነትም ሳሙናውን ይዛ መጣች።

ልቤ አላስችል ቢለኝ ወርጄ ለመንኳቸው። "እትዬ፣ ይህቺ ልጅ የመንግሥት አደራ ናት። ተቆጣጣሪው እንዲህ ካያት የእኔም ልጅ ቀረች ማለት ነው። እባክዎ ትንሽ ይተዉአት።"

"ልጅህ ትሄዳለች፣ አታስብ። እጅህ ባዶ ነው አይደል?"

ከዚያ ቤት የወጣሁት የማላውቀው ሰው ሱሪ ጠርዝ ተርትሬ ነው።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ እኔ በመስኮት ሳየው እሱ ደጃፉ ደርሷል፤ ማኅደሩን ታቅፏል፣ ከረባቱን አሳምሯል። አንደኛ ፎቅ ሳይወጣ ልቀድመው ደረጃውን ቁልቁል ተንደረደርኩ። ዝምተኛው ልጃችን ምን መጣ ብሎ ተከተለኝ። ስንደርስ መለሎዋ በሩ ላይ ቆማ፣ በስፒል የተወጋ መጋረጃ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ተቆጣጣሪውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች።

"ጫማ" አለችው በእኛ ቋንቋ።

አወለቀ።

"ያዝ።"

ማኅደሩን በብብቱ ሸጉጦ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘ። እትዬ ያዝልኝ ቀና እንኳ ሳይሉ "ወጥር እንጂ፣ ምግብ አልበላህም?" አሉት። የልጄ ሻንጣ ራስጌዋ ላይ ቆሞ ሲያረጅ ታየኝ።

መለሎዋ ደግሞ የእኛን ልጅ አየችው። የአገሯ ልጅ ነው፣ በአገሯ ቋንቋ ልታናግረው ትችል ነበር። "አንተ! ና፣ ያዝልኝ" አለችው፣ በእትዬ ያዝልኝ ድምፅ፣ ቁጣው ሳይቀር። ልጁ ሌላኛውን ጫፍ ያዘና ሳቀ። እኛ ቤት ከመጣ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁን አላቆም ብሎ መጋረጃው ተንቀጠቀጠ። ያን ሁሉ ትራስ ሳስብ በራሴ አፈርኩ።

አስተባባሪው እያለከለከ ደረሰ። ተቆጣጣሪው ጨርቁን እንደያዘ "እዚህ ቤት ምን ስትሠራ እንደሰነበተች ጠይቅልኝ" አለው። ልጅቷ ረዘም አድርጋ ተናገረች። አስተባባሪው ላቡን ጠረገ።

"ሾርባ አሳርሬ ተቆጥተውኛል ነው የምትለው። አልጋዬን ሳላነጥፍ ቁርስ የለም። ዚፕ መቀየር ችያለሁ…" ብሎ የተቆጣጣሪውን ፊት አየ።

"ሌላስ?"

"አገሬ ስመለስ ማን ይቆጣኛል ትላለች። በሚመጣው ዓመትም እዚሁ ቤት መድቡኝ ትላለች።"

ተቆጣጣሪው እንደ ተማሪ፣ "መልቀቅ እችላለሁ?" ሲል ጠየቀ።

"ቆይ፣ አንድ ስፒል ቀርታለች" አሉት።

ገንዘቡ ተለቀቀ። እንግዶቹ ሄዱ፣ ወዲያው የእኛ ልጆች ተከተሉ። ልጄ በደረሰች በማግስቱ ደወለች። "እንዴት ናቸው ሰዎቹ?" አልኳት። "በጣም ጥሩ ናቸው አባዬ። ምንም አያሠሩኝም፣ ተቀመጪ ብቻ ነው የሚሉኝ" አለች። ድምፁን አወቅሁት፤ የዚያ የዝምተኛው ልጅ ምስጋና ነው። እዚያ ማዶ አንድ ሶፋ ላይ ትራስ ተደርድሮላት፣ ሰው ተራ ገብቶ ሲስቅላት ታየኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ቁልቁል ሮጥኩ።

እትዬ ያዝልኝ ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ እጃቸውን ዘረጉ። "አንቺ ልጅ፣ ተነሺ። ወጥ ቤት ግቢና ያገኘሽውን ዕቃ እጠቢ። አይሆንም ካሉሽ ንጠቂያቸው። ደግሞ የውጭውን በር ዝጊው ብዬሽ ከፍተሽው ነው የሄድሽው።" ስልኩን መለሱልኝና መስፋታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ብዙ ቀን ዝም አለች። በመጨረሻ እኔው ብደውል፣ ከኋላዋ ሳህን ይንጫጫል፣ የማላውቃት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ትጮኻለች፣ ልጄ ትስቃለች። "አባዬ፣ አሁን አልችልም፣ እጄ ሳሙና ነው" ብላ ዘጋችው።

እሰይ፣ የእኔ ልጅ። እዚያም አንዲት አዛዥ አለች ማለት ነው።

ደረጃውን ወርጄ፣ የተከፈተውን በር አንኳኳሁ። እትዬ ያዝልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናቸው ቀና አሉ፤ ሳይጠሩት የመጣ ሰው አይተው አያውቁምና።

"ምን ሆንክ?" አሉኝ።

"ምንም፣ እትዬ" አልኳቸው። "እጄ ባዶ ነው።"