የተፈጥሮ ቅባትና የሽማግሌ ፊት

በዚህ ዘመን «የተፈጥሮ ነው» የተባለ ነገር አይከሰስም። ኬሚካል የለውም ካሉህ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ውለታ ቢስነት ነው። ለመሆኑ ሳማ የፋብሪካ ምርት ነው? የእባብ መርዝስ በየትኛው ቤተ ሙከራ ተቀመመ? ቁንጫም እኮ እስከማውቀው ድረስ ምንም ነገር አልተጨመረባትም። ይህን ሁሉ የምለው ተቃጥዬ ነው። ቃሉን እንዳለ ውሰዱት።

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ዳዊት ሊያገባ ፈልጎ ለሽምግልና ላከኝ። የልጅቷ አባት አቶ ደምሴ ጦር ኃይሎች ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሆነን ቤቴል እቤታቸው ብንሄድ፣ ልጄ ገና ትማራለች ብለው በትህትና ሸኙን። አንድ ጊዜ መመለስ ያለ ነው፤ ወጉም ነው። ሁለተኛ ጊዜ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳዊት እህል አልቀምስ አለ። እኔም ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ድንጋይ የሚያሳምን ንግግር በምሳሌ አስጊጬ አዘጋጀሁ።

እሁድ ጠዋት ኮልፌ እቤቴ ክራቫቴን ሳስር የዳዊት እህት ሄለን መጣች። የጥር ደረቅ አየር ፊቴን አንጥቶታል። «ጋሼ፣ በዚህ ፊት ነው ልጅ የሚጠይቁት? አመድ ላይ ያደሩ እኮ ነው የሚመስሉት!» አለችና ከቦርሳዋ ብልቃጥ አወጣች። እሬት፣ ማር፣ ሎሚና ቀረፋ፤ ራሷ የቀመመችው። መጀመሪያ ክንዴ ላይ ልሞክረው ብል ሳቀችብኝ። ማር ሊበሉ ሲሉ ክንድዎ ላይ ይሞክራሉ እንዴ፣ አለችኝ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ በዚህ ክርክር ተረታሁና ፊቴን ተቀባሁ።

ታክሲው አየር ጤና ሳይደርስ ጉንጬን ያሳክከኝ ጀመር። ደወልኩላት። ያቃጠለዎት እየሠራ ስለሆነ ነው አለችኝ። ቤት ሲቃጠልም እሳቱ እየሠራ ነውና ዝም እንበል? ቤቴል ስንወርድ ፊቴ በርበሬ መስሏል፣ ከንፈሬ አብጧል፣ ዓይኔ ደግሞ ውሃውን ያወርደዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ወልዴ፣ ሚስትህ ደበደበችህ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ቀን ብንመጣስ ብል፣ ሽማግሌ ቀጠሮ አያፈርስም ብሎ እጄን ይዞ አስገባኝ።

እንደ ወጉ ተቀመጡ ሲሉን፣ ጉዳይ አለን ብለን ቆምን። ያንን ንግግር ልጀምር አፌን ብከፍት ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ። «ልጅዎን...» ካልኩ በኋላ ቃል አልወጣም፤ እንባ ብቻ። በመሐረብ ብጠርገው ቅባቱ ዓይኔ ውስጥ ገባና ይባስ ብሎ ወረደ። ጋሽ ወልዴ፣ እግዜር ይስጠው፣ አንገቱን ደፍቶ ሐዘንተኛ መሰለ።

አቶ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ ድምፃቸው ሰለል አለ። ለእህቱ ልጅ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ካለበት ቤት ልጄ ትበደላለች ብዬ አልሰጋም አሉና ፈቀዱ። ዳዊት ዳነ። የእኔ ምሳሌዎች ግን አንዳቸውም ሳይነገሩ ቀሩ። ባለፈው በደህና ፊትና በጥሩ አማርኛ ስንለምናቸው ያልሰሙን ሰው፣ ዛሬ ለአንድ ማንኪያ እሬት እጅ ሰጡ! ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ለዚህ ነው? እውነቱን ልንገራቸው? ማን ሞኝ አለ።

በቀጥታ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ የተፈጥሮ የተባለውም ቆዳን ሊያስቆጣ እንደሚችል አስረድታኝ፣ መጀመሪያ ክንድዎ ላይ ለምን አልሞከሩትም አለችኝ። ያበጠ ከንፈሬን በጣቴ አሳየኋት።

ሠርጉ ሚያዝያ ላይ ሆነ። ፊቴ ድኗል። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አለቀሰ፤ ጋሽ ወልዴ እንኳ ሳይቀር አነባ። እኔ ብቻ ዓይኔ ደርቆ፣ ደስ ብሎኝ፣ ፈገግ እንዳልኩ ቆሜያለሁ። አቶ ደምሴ እንባቸውን ጠርገው ጠጋ አሉኝና በጆሮዬ፣ «ለካ ያኔ ያለቀሱት ልጄን እስኪወስዱ ነው?» አሉኝ።