ዘሩ ሰባት ነው

ሰው መዋሸት ቀላል ይመስለዋል። ውሸቱ አንድ ብቻ ከሆነ እርግጥ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ውሸቶቹ መዛመድ ሲጀምሩ ነው። ገበያ ነበርኩ ያለ ሰው ምን እንደገዛ ይጠየቃል፤ ከማን እንደገዛ፣ የሸጠለትም ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ውሸት አባት ይፈልጋል። እኔ ይህን የተማርኩት ከሙያዬ ነው፤ ውሸት የሚያዛምድ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። በእሱ ጦስ ሠርጌ ሊቀርብኝ ነበር።

ስሜ አንሙት ነው። እንጅባራ ተቀምጬ ፕሮግራም እጽፋለሁ። በዚሁ ሥራዬ ዳንግላ ላለ አንድ ዕድር የአባላቱን መዝገብ በኮምፒውተር ልሠራለት ተዋዋልኩ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ አለልኝ የእጮኛዬ የስመኝ አባት ናቸው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ዝምድና የለም ተብሎ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት አጎቴ እንደነገሩኝ፣ አቶ አለልኝ በሚያምር ድምፅ "አለልኝ፣ ፈንቴ፣ ቢተው" ብለው ቆጠሩና ጉሮሯቸውን ጠርገው "ከዚያ ወዲያማ የታወቀ ነው" አሉ። አጎቴም የእኛን አባቶች ሲቆጥሩ ካሴ ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት ነውር ነው፤ ደግነቱ ሳሉም እንደ ቤት ተቆጠረ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። መዝገብ እውነተኛ ሰው ሳይገባበት በፈጠራ ሰዎች ይሞከራል። ሰዎቹ ደግሞ መዛመድ አለባቸው፤ ማን ለማን እንደሚያለቅስ ያላወቀ ዕድር ምኑን ዕድር ሆነ? የምጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ፋንክሽናል ከሚባሉት ወገን ነው። ጠባዩ የጎጃም ሰው ጠባይ ነው፤ አንዴ የተናገረውን አያጥፍም፣ ያንኑ ከጠየቁት ያንኑ ይመልሳል። "ሰው ፍጠር" ብዬ አዘዝኩት። አባት የሌለው ሰው አይመዘገብምና አባቱን ፈጠረ። አባትየውም አባት ያስፈልገዋልና አያቱን ፈጠረ፤ ለአያትየውም እንዲሁ። አዳም ጋ ሲደርስ የሚቆም መስሎኝ ነበር። አዳምንም አልፎ ሄደ፤ የቆመው ላፕቶፔ ነው።

ስለዚህ ደንብ አወጣሁለት፦ አምስተኛው ትውልድ ላይ ስትደርስ አዲስ አባት መፍጠሩ ይብቃህ፣ ካዘጋጀሁልህ የአባት ስሞች አንዱን በዕጣ አንሥተህ ስጥ። ከዝርዝሩ አናት ላይ ራሴንና ስመኝን ጻፍኩ፤ ፍቅር የያዘው ሌላው ሰው ዛፍ ላይ የሚቀርጸውን እኔ እዚያ ጻፍኩት። እስከ አራተኛው ድረስ እውነተኛ አባቶቻችንን ሞላሁና የቀረውን ለማሽኑ ተውኩለት። ማሽኑ ዕጣ ሲያወጣ የሚነሣበት ቁጥር አለ፤ በእኛ ሙያ "ዘር" ይባላል፤ እሱ ካልተቀየረ ዕጣውም አይቀየርም። ሰባት ደግ ቁጥር ነው ብዬ ዘሩን ሰባት አደረግኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በተከመረበት የዕድሩ አዳራሽ፣ ኮሚቴው ፊት ላፕቶፔን ከፈትኩ። አቶ አለልኝ "እስቲ የእኔን ልጅ አሳየን" አሉ። ስመኝ፣ አለልኝ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ ፊታውራሪ እንግዳው። አቶ አለልኝ ወንበራቸው ላይ ከፍ አሉ። ፊታውራሪነቱን ለማሳመር ያህል ስሞቹ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

"የእሱንስ?" አሉ አያ ወርቁ፤ ስንቱን ክርክር የዳኙ የኮሚቴው ሽማግሌ ናቸው። አንሙት፣ ዘለቀ፣ ይስማው፣ ካሴ፣ ፊታውራሪ እንግዳው።

"ቢተውና ካሴ ወንድማማች ናቸዋ!" አሉ አያ ወርቁ።

ፈጠራ ነው ብዬ ማልኩ። እሳቸው ግን ምስክር ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዝጋው አሉኝ፣ ዘጋሁት። ከመጀመሪያው አስጀምረው አሉኝ፣ አስጀመርኩት። ሦስት ጊዜ አስጠየቁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ፊታውራሪ እንግዳው ወጡ። "ሐሰተኛ ምስክር ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ያንኑ ቃል አይደግምም" ብለው ፈረዱ። በቃሉ ጽናት ስኮራበት የነበረው ቋንቋ ጉድ ሠራኝ። በድንጋጤ "ችግሩ ዘሩ ነው ጋሼ! አሁኑኑ ዘሩን እቀይረዋለሁ!" አልኩ።

አቶ አለልኝ ብድግ አሉ። "ልጄን ለማግባት ብለህ ዘርህን ልትቀይር? ዘሩን የካደ ነገ ሚስቱንም ይክዳል!" ብለው ጥለውኝ ወጡ።

ያን ሳምንት ስመኝ ደውላ "ስሜን ከስምህ አጠገብ ለመጻፍ ጊዜ አግኝተህ አንድ አያት መጨመር አቃተህ?" አለችኝ። እንዳላጣት ፈራሁ።

በሳምንቱ እሑድ ኮሚቴው ፊት ተመልሼ ቆምኩ። ዘር የምለው ቁጥር እንደሆነ፣ ያለፈውም ሰባት እንደነበር እየለመንኩ አስረዳሁ። አያ ወርቁ ፊታቸው በራ። "ሰባት ነው እንዴ? እንግዲያ አንድ ጨምርበታ! ሰባትን ካለፈ ማን ይከለክላችኋል?" አሉ። ስምንት አደረግኩት። ለእኔ ፍሬው የሚባል ወጣ፤ ለስመኝ ተገኘ፣ ማዕረግ የሌለው እንዲያው ተገኘ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

አቶ አለልኝ ግን አላጨበጨቡም። ወደ ደጅ ጠርተው በጆሮዬ "ሠርጉ ይሁን፣ በስምንቱ ተጋቡ። ፊታውራሪውን ግን ለእኔ ተውልኝ" አሉኝ። ሚስት ለሰጠ ሰው ፊታውራሪ ይነፈጋል? ተውኩላቸው።

በጥር፣ በሠርጉ ዕለት፣ አማቴ እኛን ከመመረቃቸው በፊት ቆመው "አለልኝ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ ፊታውራሪ እንግዳው" ብለው ቆጠሩ። አልሳሉም። የፊታውራሪው ፈረስ ዳማ እንደነበርም ጨመሩበት፤ እኔ መዝገቡ ውስጥ ለፈረስ ቦታ እንኳ አላበጀሁም። ሰዉ ሁሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ብቻ አንገቴን ደፋሁ። ፊታውራሪውን እንጅባራ፣ የኪራይ ክፍሌ ውስጥ የወለድኳቸው እኔ ነኛ! ከጠረጴዛው ሥር በጣቴ ቆጠርኩ፦ እኔ፣ ፊታውራሪው፣ ቢተው፣ ፈንቴ፣ አለልኝ፣ ስመኝ።

ስድስት። ሰባት አልሞላም። ሙሽራዬ ምን ሆንክ ብላ ዞር ስትል፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ሳልኩ።